በታካሚ ፊት ስለምትዋረድ ነርስ፦ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለጤና ቢሮዎችና ለሆስፒታል አመራሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች
ለመንግሥት ሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርዶችና ሥራ አስኪያጆች

ጉዳዩ፦ የነርሶችን የሥራ ቦታ ክብር ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ለ14 ዓመታት ያገለገልኩና አሁንም በማገልገል ላይ ያለሁ ነርስ ነኝ። የሆስፒታሉንም ሆነ የማንንም ኃላፊ ስም አልጠቅስም፤ አቤቱታዬ በአንድ ሰው ላይ አይደለምና። አብረውኝ ተምረው በሌሎች ከተሞች የሚሠሩ ጓደኞቼ የሚነግሩኝ ከእኔ ገጠመኝ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ነገሩ ከአንድ ግለሰብ ጠባይ ያለፈ፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የአሠራር ልማድ መሆኑን ካመንኩ ቆይቻለሁ።

ስለ ደመወዝ አልጽፍም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ፣ ስለ ተረኝነት ክፍያና ስለ ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች ያነሱትን ጥያቄ አገር ሰምቶታል። ያ ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም ነው። ነገር ግን ደመወዝ በተነሳ ቁጥር የአገር አቅምና የበጀት ጉዳይ አብሮ ስለሚነሳ፣ በዚህ ደብዳቤ የማቀርበው ከመንግሥት ካዝና አንድ ሳንቲም የማያስወጣውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ነርስ በምትሠራበት ቦታ፣ በሚያስተዳድሯት ሰዎች ዘንድ፣ እንደ ባለሙያ የመቆጠሯ ጉዳይ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ በጥር ወር፣ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር 36 አልጋ ይዘን አደርን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በ9 ቁጥር አልጋ የተኙ አባት ትንፋሻቸው እየከበደ ሄደ። የክፍሉ ኦክስጅን ሲሊንደር ስላለቀ ከድንገተኛ ክፍል ሌላ እየገፋን አመጣን፤ ተረኛው ሐኪም መጥቶ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ፤ ሊነጋጋ ሲል ግን አረፉ። አስከሬናቸውን ጠቅልለን፣ ኮሪደሩ ላይ ጋቢ ለብሶ ለተኛው ልጃቸው መርዶውን ነግረን፣ የ12 ሰዓቱን መድኃኒት ሰጥተን፣ የስኳር ታካሚዎችን ስኳር ለክተን፣ ቻርት ላይ ጽፈን ለቀን ተረኞች ለማስረከብ ስንዘጋጅ የሆስፒታሉ ኃላፊ እንግዶች አስከትለው ገቡ።

በ14 ቁጥር አልጋ ላይ አንዲት የልብ ታማሚ እናት በባዶው ፕላስቲክ ፍራሽ ላይ የራሳቸውን ነጠላ አንጥፈው ተኝተው ነበር። ኃላፊው አዩና «የዚህ አልጋ ነርስ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ይህን እያየሽ እንዴት ታድሪያለሽ? ደመወዝ የምትበዪው ልትተኚ ነው?» አሉኝ። ስለ አንሶላው ለማስረዳት አፌን ስከፍት «ዝም በይ፤ እናንተ ነርሶች ምክንያት አታጡም» ብለው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። ክፍሉ ውስጥ ታካሚዎች ነበሩ፤ አስታማሚዎች ነበሩ፤ ከሦስት ቀን በፊት ለልምምድ የመጡ የነርሲንግ ተማሪዎችም ጥግ ላይ ቆመው ነበር። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ከተበላሸ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። የአንሶላውን እጥረት በክፍሉ መዝገብ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ከዚያ ጠዋት በላይ ያመመኝ በማግስቱ የሆነው ነው። የእኚያ እናት ልጅ እስከዚያን ቀን ድረስ «ሲስተርዬ» እያለች የምትጠራኝ፣ ቡና ስታፈላ የምታስታውሰኝ ልጅ ነበረች። በማግስቱ ማታ የእናቷን ግፊት ልለካ ስጠጋ ክንዴን ይዛ «አንቺ ተይ፤ ሌላ ነርስ ጥሪልኝ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ነርሷ ሰነፍ መሆኗን የሆስፒታሉ ትልቁ ሰው ራሱ በአደባባይ ነግሯታል፤ እናቷን ለእኔ የምታምንበት ምን ምክንያት ቀረላት? ያቺን ልጅ እንደገና ለማሳመን ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፤ በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ለእናቷ የሚሰጠው እያንዳንዱ መርፌና እያንዳንዱ ክኒን ሙግት ነበረው። ኃላፊው ያን ንግግር በግማሽ ደቂቃ ተናግረው ረስተውታል፤ እኔና ታካሚዋ ግን ዋጋውን ለቀናት ከፈልን።

ክቡራን፣ ነርስ አትወቀስ አላልኩም። ሰው ነን፤ እናጠፋለን፤ ጥፋታችንም በሰው ሕይወት ላይ የሚደርስ ስለሆነ ከማንም በላይ መጠየቅ አለብን። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የዲሲፕሊን ቅጣት ዓላማ ሠራተኛው ከጥፋቱ ተምሮ እንዲታረም፣ የማይታረም ከሆነም እንዲሰናበት ማድረግ መሆኑን ይገልጻል፤ ከቃል ማስጠንቀቂያ ጀምሮ እስከ ስንብት የሚደርሱትንም ቅጣቶች በየደረጃቸው ያስቀምጣል። በታካሚና በተማሪ ፊት ማዋረድ የሚባል ቅጣት በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሕጉ ያልፈቀደውን ቅጣት፣ ምርመራ ሳይደረግ፣ ተከሳሽ ቃሏን ሳትሰጥ፣ ይግባኝም ሳይኖረው በየጠዋቱ የምንቀበል ስለመሆናችን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባስፈጸመው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከዋና ዋናዎቹ አጀንዳዎች አንዱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ ተጠቅሜበታለሁም። ታካሚን በስሙ መጥራት፣ ሳይጋርዱ አለመመርመር፣ መርፌ ከመውጋት በፊት ምን እንደሚሰጥና ለምን እንደሚሰጥ ማስረዳት እንደሚገባ በዚያ አዳራሽ በደንብ ተነግሮናል። ሆኖም እኔ በተገኘሁበት ሥልጠና ላይ ሥራ አስኪያጅ ነርስን፣ ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ጀማሪ ነርስን፣ ስፔሻሊስት ሐኪም ተረኛ ነርስን እንዴት ማናገር እንዳለበት አንድም ሰው ሲናገር አልሰማሁም። አክብሮት ከነርስ ወደ ታካሚ የሚሄድ መሆኑ ተጻፈ፤ ወደ ነርሷ ከየት እንደሚመጣ ግን ሳይጻፍ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ እውነት መናገር ግዴታዬ ነው። ታካሚን የምናመናጭቅ፣ ምጥ የያዛትን እናት የምንገላምጥ፣ የአስታማሚን ጥያቄ እንደ ስድብ የምንቆጥር ነርሶች አለን፤ ሕዝቡ በእኛ ላይ ያለው ምሬት መሠረት የሌለው አይደለም። እኔም ራሴ ያን ጥር ጠዋት ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት መውጫ በር ላይ የጉብኝት ሰዓት ለጠየቁኝ አንድ አዛውንት «ተጽፏል፣ ያንብቡ» ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ማንበብ ይችሉ እንደሆነ እንኳን አልጠየቅሁም። የእሳቸው ፊት ከኃላፊው ንግግር የበለጠ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ይህን የምጽፈው ጥፋቴን በሌላ ሰው ላይ ለማላከክ አይደለም። ከላይ የተወረወረ ቃል በእኔ በኩል አልፎ ምንም ባላደረጉ አዛውንት ላይ ሲያርፍ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

በነርስና በአመራር መካከል ያለው ግንኙነት የታካሚን ሕይወት እንዴት እንደሚነካ የበለጠ የሚያሳየው ግን የአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጉዳይ ነው። በሕፃናት ክፍል ይሠራ ነበር። 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ጄንታማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዞ ሳለ፣ መርፌውን ለማዘጋጀት ሲያሰላ የተጻፈው መጠን ሊሆን ከሚገባው አሥር እጥፍ ሆኖ አገኘው፤ አንዲት ዜሮ ተጨምራ ነበር። የሕፃናት መድኃኒት በኪሎ የሚሰላ በመሆኑ የዚህ ዓይነት ስህተት በየትኛውም አገር የሚያጋጥም ነው፤ የሚያዘው ሐኪም እንቅልፍ ካጣ ደግሞ የበለጠ ያጋጥማል። ባልደረባዬ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪሙን ጠራ፤ ሐኪሙም አይቶ አመስግኖት አረመ። በሙያችን ውስጥ ሊሆን የሚገባው ሁሉ ሆነ፤ ሕፃኑም ተረፈ፤ ነገሩም እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት።

አላበቃም። ወሬው በማለዳ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ከኃላፊዎቹ አንዱ «ነርስ ሐኪምን ማረም የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ፤ ባልደረባዬም በታካሚ ቤተሰብ ፊት የሐኪምን ትእዛዝ ለምን እንደተከራከረ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጥ ታዘዘ። ሐኪሙ ራሱ ባልደረባዬ ትክክል እንደሆነ ቢመሰክርለትም ማብራሪያው ወደ ግል ማኅደሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ይህ ነርስ ጥርጣሬ ሲገባው በቀጥታ መናገር ትቷል። ለልምምድ ከመጡት ሐኪሞች አንዱን ፈልጎ፣ ቀስ ብሎ ነግሮ፣ ጥያቄው ከሐኪም አፍ እንዲወጣ ያደርጋል። ይህ መዞሪያ አንዳንድ ቀን አሥር ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ በልምምድ ላይ ያለው ሐኪም ሌላ ክፍል ከሄደ ደግሞ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ይዘገያል። ማዘዣ ከተጻፈ በኋላ ወደ ታካሚው ደም ከመግባቱ በፊት የመጨረሻዋ ዓይን የነርስ ዓይን ናት። ያቺ ዓይን ያየችውን እንዳትናገር ማስፈራራት፣ የሆስፒታሉን ስም ለመጠበቅ ታስቦ ቢደረግ እንኳን፣ ልጆቻችሁንና እናቶቻችሁን አደጋ ላይ የሚጥል መሆኑን በጥብቅ ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

ሌሎችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል መዛወራችንን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሰው እኩል እናነባለን። የተፈቀደ የዓመት ዕረፍት በስልክ ይሰረዛል። አዳሪ ነርስ ልብሷን የምትቀይርበት ክፍል ዕቃ ማከማቻ ይደረግና መጋረጃ ጀርባ ትቀይራለች። ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባችን የሌሊት ተራዋ እንዲነሳላት ስትጠይቅ «ያረገዝሽው ሆስፒታሉን አማክረሽ ነው?» ተብላለች፤ ይህን የተናገረው ሰው የሦስት ልጆች አባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የነርሶች ሪፖርት በዓለም ካሉት የጤና ባለሙያዎች 59 በመቶ ያህሉ ነርሶች መሆናቸውን ይገልጻል፤ እኔ በማውቀው የአመራር ስብሰባ ላይ ግን ከደርዘን በላይ ወንበሮች ውስጥ የነርሶች ወንበር አንድ ናት፤ እርሷም ለመግለጫ እንጂ ለውሳኔ አትጠራም።

ይህ ሙያ በአገራችን ከጅምሩ የተናቀ አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው ተመርቀዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው የነርስ ልብስ ለብሰው የሰው ልጅ በሽተኛ መንከባከብን ሙያቸው አደረጉ። በ1934 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜያቸው ሲያርፉም መታሰቢያቸው እንዲሆን ሆስፒታል ተሠራ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ብለን የምንጠራው እርሱ ነው። በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የማኅበረሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች) ጋር በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ሲልክ፣ ነርሷ የራሷ ሥራና የራሷ ድምፅ ያላት የቡድኑ አባል ነበረች። ሩቅም መሄድ አያስፈልግም፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና በሚሊኒየም አዳራሽ፣ በየክልሉም በተከፈቱት ማዕከላት፣ ከታካሚው አልጋ አጠገብ ለሰዓታት የምትቆመው ነርስ ነበረች። በዚያን ጊዜ «ጀግኖቻችን» ስትሉን እውነት ብለን ተቀብለናል። በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን፣ የነርሶች ቀን ሲከበርም የምትናገሩትን በአክብሮት እንሰማለን። የምንለምናችሁ ያ ቃል ግንቦት 5 ጠዋት ላይ በክፍላችን ውስጥም እንዲሰማ ነው።

የኃላፊዎችንም ሸክም አላቃልልም። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮ በኩል ሪፖርት ይጠየቃል፤ መድኃኒት ሲጠፋ ይወቀሳል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጨነቃል፤ ያን ጥር ጠዋትም በእኔ ላይ የወረደው ቃል እንግዶቹን ከመፍራት የመጣ እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል። ደግሞም ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ከዚህ በፊት የነበሩ አንድ ሥራ አስኪያጅ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በየክፍሉ እየዞሩ የእጥረት መዝገባችንን ያነቡ ነበር። መዝገቡ አራት ዓምዶች አሉት፤ ቀን፣ የጎደለው ነገር፣ የጻፈው ባለሙያ ፊርማ፣ የተሰጠ ምላሽ። እሳቸው አራተኛውን ዓምድ በገዛ እጃቸው ይሞሉት ነበር። ብዙ ጊዜ መልሳቸው «ገንዘብ የለም፤ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጠይቄያለሁ» የሚል ነበር። አንሶላው አልመጣም፤ ጓንቱም ቶሎ አልመጣም፤ እኛ ግን ያን ጽሑፍ ስናነብ እፎይ እንል ነበር። የጻፍነውን አንድ ሰው አንብቦታል፤ ሸክሙም የእኛ ብቻ አይደለም። አስታማሚ ሲቆጣን መዝገቡን ገልጠን «ይኸው፣ ተጠይቋል» የምንለው ነገር ነበረን። እሳቸው በሌላ ሥራ ከሄዱ ወዲህ አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ነርስ አጠፋች ስትሉ በር ዘግታችሁ ውቀሷት፤ ከመውቀሳችሁ በፊትም ቃሏን ስሙ፤ በታካሚ አልጋ አጠገብ መስደብ ራሱ የሚያስጠይቅ ጥፋት መሆኑ በየሆስፒታሉ የሥነ ምግባር መመሪያ ላይ ይጻፍ። የመድኃኒት ማዘዣን የጠየቀ ነርስ በምንም መልኩ ማብራሪያ እንዳይጠየቅ፣ ይልቁንም የስህተት ሪፖርት ከዲሲፕሊን ማኅደር ተለይቶ እንዲያዝ የሚያስገድድ ትእዛዝ ከሚኒስቴሩ ይውረድ። ዝውውር ከመለጠፉ በፊት ለሠራተኛዋ ከነምክንያቱ በደብዳቤ ይድረሳት። የሥራ አስኪያጆች አፈጻጸም ሲመዘን በእነሱ ሥር የሚሠሩት ነርሶችም ሐሳብ ይጠየቅ፤ ስማቸው ሳይገለጥ መልስ የሚሰጡበት መንገድም ይበጅ፤ ቦርዶችም ያን ውጤት ሳያዩ ሹመት አያጽድቁ። ከሚኒስቴርና ከቢሮ ለሱፐርቪዥን የምትመጡትም፣ ቀለም የተቀባውን ግድግዳና የተዘጋጀላችሁን ሪፖርት ካያችሁ በኋላ፣ እባካችሁ ወደ አንድ ክፍል ግቡና የእጥረት መዝገቡን ጠይቁ። ብዙ ማንበብ አይጠበቅባችሁም፤ አራተኛውን ዓምድ ብቻ እዩ።

ትናንት አዳሪ ነበርኩ። ለርክክብ ከመውጣቴ በፊት አንሶላ 11፣ የደም ሥር ካኑላ ጨርሶ የለም፣ የደም ግፊት መለኪያ አንድ ብቻ የሚሠራ ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ መዝገቡን በጠረጴዛው ላይ ክፍት ትቼዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ